ክር የሌለው ስፌት

መስከረም 22

ከእናቴ እኩል ላሳደገችኝ አክስቴ፣ ለእቴቴ፤

ሰላምታዬ ከሱቁ ደጃፍ ገብቶ እስከ መቁረጫው ጠረጴዛ ይድረስልኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እማዬስ? «ደህና ናት» ብለሽ እንዳታልፊው፤ እንዴት እንደሆነች ጻፊልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሰው አገር ብርዱ ገና አልጠናም። ሥራዬም ያው ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የተኛበትን አልጋ ከክፍል ወደ ክፍል እገፋለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ያንቺ ስልክ ሱቅ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው። ባለፈው ስለ ጥርሴ ስነግርሽ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሰውዬ መድኃኒት አዘዘልኝ። ስለዚህ ከእንግዲህ ቁም ነገር በወረቀት ይሁን።

እቴቴ፣ ለሕክምና ትምህርት ላመለክት ነው። ፈተናውን አልፌዋለሁ፤ አዎ፣ በደንብ ነው ያለፍኩት፣ አትሳቂ። የቀረኝ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። «ማን ነሽ? ከምን ዓይነት ቤት ወጣሽ? ሐኪም ለመሆን ምን አነሳሳሽ?» ይላል። ስለ ደም ዝውውር ቢጠይቁኝ እንደ ውሃ እጠጣላቸው ነበር። ስለ ራሴ ሲጠይቁኝ ግን እስክሪብቶዬ ደረቀ። አንቺ ብትሆኚ ስለ ቤታችን ምን ብለሽ ትጀምሪ ነበር?

ያዘዝሽኝን፣ የስፌት መኪናውን መዘውር የሚያዞረውን ጠፍር እየፈለግሁ ነው። እዚህ እንደኛው ዓይነት በእግር የሚረገጥ መኪና የሚታየው ሱቅ መስኮት ላይ ለጌጥ ተቀምጦ ነው።

ልጅሽ መርፌ


ጥቅምት 9

ለመርፌዬ፣ ለቀጭኗ ልጄ፤

የረገጥሽው ይለምልም፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን፣ ምቀኛሽ ይታወር። ኧረ አይታወር! ዓይኑ እያየ ይቃጠል። ከወዲሁ «ዶክተር» ብዬ ልጥራሽ ወይስ ልጠብቅ? ደብዳቤሽ ሲመጣ እልል ልል ስል አንዲት ደንበኛ እየለካኋት ነበርና ሜትሩ አንገቷ ላይ ጠበቀባት።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ እስከማውቀው ስለ ሰው ዘርና ጓዳ የሚጠይቅ ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ወይ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ፣ ወይ ፖሊስ። እነዚህ የትኞቹ ናቸው? አንቺ ጽፈሽ ስትሰጪያቸው ዝም ብለው የሚያምኑሽ ይመስልሻል? አጣሪ ይልካሉ። አትሞኚ!

ደግነቱ እኔ ቀድሜ ነቅቻለሁ። ፀጉር ሠሪዋንም ባለ ዳቦ ቤቱንም አስጠንቅቄያለሁ። «ሰው መጥቶ ስለ እኛ ቤት ከጠየቀ ጨዋዎች ናቸው፣ ጤነኞች ናቸው በሉ» ብያቸዋለሁ። ፀጉር ሠሪዋ «በኔ ይሁንብሽ» አለች። ባለ ዳቦ ቤቱ ግን ትንሽ አየኝና «እሺ፣ እንዳልሽ» አለኝ። ዱቄት ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ይሆናል።

አንቺም እንዲህ ብለሽ ጻፊ። «እኔ ከተከበረ ቤተሰብ የተገኘሁ ስሆን በዘሬ ታሞ የሚያውቅ የለም። አያቴ አርጅተው እስኪሞቱ ድረስ አንድ ጥርስ አልወለቀባቸውም። አክስቴ የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት።» የታወቀች የሚለውን እንዳትረሺ።

እናትሽ ደህና ናት። አትለፊው ብለሽኛል፤ አላለፍኩትም፣ ደህና ናት ነው የምልሽ። ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ በእጇ ትዘመዝማለች። ዓይኗ ለፊደል እምቢ ካለ ቆየ እንጂ ለቀዳዳ ጣቷ ያይላታል። ጠፍሩን አደራ። የኛው ሊበጠስ ደርሷል፤ ባዶውን መሄድ ያስረጀዋል።

አክስትሽ


ጥቅምት 27

ለእቴቴ፤

ምርቃትሽ በሙሉ ደርሶኛል። ምቀኛዬን ማረምሽ ደግ አደረግሽ፤ የሚያይ ምቀኛ ይሻለኛል። ለእማዬ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ግንባሯን ሳሚልኝ።

ግን እቴቴ፣ «በዘሬ ታሞ የሚያውቅ የለም» ብዬ ጽፌ ሐኪም ልሁን ብል «ታዲያ እዚህ ምን አመጣሽ፣ ሂጂ ልብስ ስፊ» አይሉኝም? ሽማግሌም ፖሊስም አይደሉም። አጣሪም አይልኩም። ባለ ዳቦ ቤቱን በከንቱ ነው ያስቸገርሽው።

አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ አንብቢው። ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ወደቀ። እኛ የምናውቀው አወዳደቅ ነው። አንዲት ነርስ አጠገቡ ተንበረከከች፣ ሹራቧን አጣጥፋ ከጭንቅላቱ ሥር አደረገች፣ በጎኑ አስተኛችውና ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። አልጮኸችም። በርም አልዘጋችም። ሰዉ በአጠገባቸው ያልፋል። አንዲት አሮጊት «አይዞህ» ብላው አለፈች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ አልጋዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «እግርሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ወደ ታች ሳይ ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። መኪና በሌለበት መኪና እየረገጥኩ ነበር እቴቴ።

እማዬ በወደቀች ቁጥር አንቺ «መኪናውን!» ትያለሽ፣ እኔ እሮጣለሁ። አንቺ እሷን ትይዣለሽ። እኔ ክር ያልገባበትን መኪና እረግጣለሁ፤ ጎረቤት ድምፅዋንና የእግሯን መንፈራገጥ እንዳይሰማ፣ «ሥራ በዝቶባቸዋል» እንዲል። እግሬ መርገጫው ላይ በቅጡ ሳይደርስ ጀምሮ የኔ ሥራ ይኼ ነበር። ዞር ብለሽ እንዳታዪ ብለሽኛል፣ ስለዚህ የማየው ግድግዳውን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እናቴ ስትወድቅ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የኖርኩት። ሐኪም መሆን የፈለግሁት ዞሬ ላያት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይህንኑ ነው የምጽፈው።

መርፌ


ኅዳር 12

ዛሬ ምርቃት የለም።

ይህን ከጻፍሽ እኔና አንቺ ተቆራረጥን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አንቺ ግን እያወቅሽ ነው የምታመልጪው፣ ያውም በጽሑፍ!

አባትሽ አንድ ቀን ስትወድቅ አያት። አንድ ቀን ብቻ! ኮቱን እንኳ ከተሰቀለበት ሳያወርድ ወጣ፣ እንደወጣ ቀረ። ያንን ኮት ፈትቼ ነው የትምህርት ቤት ልብስ የሰፋሁልሽ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ ኖሯል? በሩን ከፍቼ «ኑ፣ እህቴ ስትንፈራገጥ እዩ» ልበል? ማን ልብሱን ያምነኝ ነበር? «ይተላለፋል» ብለው ሸሚዛቸውን ከእጄ አይነጥቁኝም? አንቺንስ ማን ከልጁ ጋር ያጫውትሽ ነበር? ያ መኪና ክር በልቶ ከሰፋልኝ ልብስ ሁሉ ይልቅ ባዶውን ሲሄድ ነው ገመናችንን የሸፈነው።

ደግሞስ እነዚያ ሰዎችሽ ሞኞች ናቸው? «እናቷ እንዲህ ከሆነች እሷም ነገ ምላጭ ይዛ በሽተኛ ላይ ትወድቃለች» አይሉም? ስንት ዓመት የለፋሽበትን በአንድ ወረቀት ልታፈርሺው ነው። እኔ ምን አገባኝ እንዳልል ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አንብቤላታለሁ። ሰላምታውንና ግንባሯን ሳሚልኝ የሚለውን ብቻ። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ጠፍሩ ተበጥሷል፣ በገመድ አስሬዋለሁ። ጠፍሩን ላኪ፤ ጽሑፉን ተዪ።

አክስትሽ


ኅዳር 28

ብትቆራርጪኝም ለማልቆራረጥሽ ለእቴቴ፤

አንቺ ምርቃት ከለከልሽኝ። እኔ ግን አልከለክልሽም። ጉልበትሽ ይጽና፣ መቀስሽ አይደንዝ፣ ቁጣሽም አይለቅ፤ ቁጣሽ ከሌለ አንቺ አትሆኚም።

ጽሑፉን አልተውም።

ስሚኝ። ያደረግሽውን አውቃለሁ። አንድ ወንድ ኮቱን ጥሎ በሸሸበት ቤት አንቺ ጥርስሽን ነክሰሽ እኛን ይዘሽ ቆየሽ። እሱን አልክድም፤ እሱንም እጽፈዋለሁ። ግን ንገሪኝ እስቲ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተደበቅነው ምን አጥፍተን ነው? እማዬ ምን አደረገች? ወደቀች እንጂ አልሰረቀችም! ትንሽ ሆኜ የጥርሴን ሕመም ስደብቅሽ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልሽ ጉንጬን የቆነጠጥሽኝ አንቺ አይደለሽም? ለጥርስ የሚሠራ ተረት ለእናት አይሠራም?

እዚህም ሌላ እቴቴ አለችልሽ። የአመልካቾችን ጽሑፍ የምታርም አማካሪ ናት። አነበበችው፣ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገችና «መጨረሻው ላይ እናትሽ ዳነች ብትዪ ጥሩ ነው፤ አንባቢ ተስፋ ይፈልጋል» አለችኝ። አልዳነችም አልኳት። «እንግዲያው እየተሻላት ነው በዪ» አለችኝ። አንቺ ታመመች አትበይ ትዪኛለሽ፤ እሷ ዳነች በዪ ትለኛለች። ሁለታችሁም እናቴን እንዳለች ልታስቀምጧት አልፈለጋችሁም። እኔ እንዳለች ነው የማስቀምጣት። የሚጠረጥሩኝ ከሆነም ይጠርጥሩ። በበሽተኛ ልጅነቷ ሰው የሚያባርር ትምህርት ቤት ሐኪም አያወጣም፣ እኔም አልፈልገውም።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳኛል። ለአንቺ ጻፍኩ፣ ከአንቺ ጋር ተጣላሁ፣ ከአማካሪዋ ጋር ተከራከርኩ። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም። እኔም ጭምር። አንብቢላት፣ ሙሉውን። የማስገቢያው ቀን የታኅሣሥ መጨረሻ ነው። እማዬ «ተዪው» ካለች እተወዋለሁ። አንቺ ስላልሽ ግን አልተውም።

ጠፍሩን አላገኘሁትም። ባገኘውም አልልክልሽም ነበር።

መርፌ


ታኅሣሥ 10

እቴቴ፤

ሰላምታው እንደ ወትሮው ይሁን። ምነው ዝም አልሽኝ? ስልኩንም አታነሺም። ጽሑፉ ጠረጴዛዬ ላይ ተጣጥፎ ቁጭ ብሏል፤ አልልከው ነገር፣ አልቀደው ነገር። ልትሰድቢኝ ከሆነ ስደቢኝ፤ ዝምታሽን ግን አልችለውም።

መርፌ


ታኅሣሥ 16

ለመርፌዬ፤

እግዜር የልብሽን ይስጥሽ። የኔን ልብ ለጊዜው ተዪው። ዝም ያልኩት ኮርፌ ነው። አሁንም ኩርፊያዬ አላለቀም፣ የማኮርፈው ሰው ግን ተለወጠ። ፖስታው እንዳይዘገይብሽ ይህን ዛሬ ወደዚያ ለሚበር መንገደኛ ነው የምሰጠው፣ ስለዚህ ፈጠን ልበል።

ባለ ዳቦ ቤቱ ዘንድ ሄድኩ። «አጣሪ አይመጣም ብላለች፣ ከአደራዬ ነፃ ነህ» ልለው ነው። ሰውዬው እፎይ አለ። «እኔማ ጨንቆኝ ነበር» አለኝ፤ «ስለ መውደቋ ከጠየቁኝ ልዋሽ ወይስ አላውቅም ልበል?»

«የማን መውደቅ?» አልኩት።

«የእህትሽ ነዋ» አለኝ፣ ዳቦውን እየደረደረ። «አንቺ! መኪና ጨርቅ ሲሰፋና ባዶውን ሲሄድ ድምፁ አንድ ነው እንዴ? ጨርቅ ሲኖረው ያቃስታል፣ ይቆማል፣ ይዞራል። ባዶውን ሲሆን ዝም ብሎ ይጋልባል። ባለቤቴ በሰማች ቁጥር ‹ምስኪን፣ ዛሬም ወደቀች፤ ሬዲዮውን ቀንሱ፣ ልጆቹን ከመንገድ አስገቡ› ትላለች። መንገዱ በሙሉ ያውቃል እኮ።»

ጉድ በይ! ለካ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር። ይሸሽገናል ያልኩት መኪና ነው ለጎረቤት ሲናገርብን የኖረው! እና ማን ሸሚዙን ነጠቀኝ? ማንም። አውቀው ያመጡልኝ ነበር። አውቀው «ሥራ በዝቶብሻል አይደል» ይሉኝ ነበር። አንቺን ግድግዳ እያየሽ እንድትረግጪ ያደረግሁሽ በከንቱ ነው። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ።

ቤት ገብቼ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እናትሽ «ማን ሞተ?» አለች። ማንም። «እንግዲያው የልጄን ደብዳቤ አምጪ፤ እስካሁን ያላነበብሽልኝን።» እኔ እኮ በዘዴ የምዘል መስሎኝ ነበር! ሁሉንም አወጣሁና አነበብኩላት፣ የራሴን ስድብ ሳይቀር አስታውሼ ነገርኳት። ቁልፍ እየተከለች ሰማችኝ። ስጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ጻፊ» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የሷ ነው። ልቀንስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ግን መልሰሽ አንብቢልኝ ትላለች።

«ልጄ፣ ደብዳቤሽ ሁልጊዜ ወፍራም፣ ንባቡ ቀጭን ነው። የተቀረው የት ይገባል እያልኩ ይገርመኝ ነበር። እናንተ በኔ ጉዳይ ስትጣሉ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። ታምሜያለሁ እንጂ አልሞትኩም። የሚጥል በሽታ አለብኝ፤ ጻፊው። አልዳንኩም፤ እሱንም ጻፊው። ያቺ አማካሪሽ ተስፋ ከፈለገች ከቤቷ ታምጣ። ሌላም ጨምሪ። ወድቄ በነቃሁ ቁጥር መጀመሪያ የምሰማው ያንን መኪና ነው። ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ፣ የት እንዳለሁ ሳላውቅ፣ ተከ ተከ ተከ! መጀመሪያ ሥራ በዝቶባችሁ ይመስለኝ ነበርና ለኔ ብላችሁ ስትለፉ ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ምኞቴ አንድ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ በጸጥታ መንቃት። ማን ጠይቆኝ ልናገር? የታመምኩት እኔ፣ ታላቅ እኔ፣ እናት እኔ፤ የምታፍሩት እናንተ! እኔ አፍሬ አላውቅም። ጻፊ ብዬሻለሁ።»

ይኸው፣ የሷ ነው። እኔ ምንም አልልም። ማለትም ብዙ የምለው ነበረኝ፣ ግን ታላቄ ናት።

ጠፍሩን ተዪው። መነጽር ላኪላት። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን ራሷ ልታነብ ነው፤ እኔን አታምነኝም።

አክስትሽ


ግንቦት 11

ለእማዬና ለእቴቴ፣ ለሁለታችሁም በአንድ ላይ፤

እማዬ፣ መነጽሩ ልክ ከሆነልሽ ይህን አንቺው አንብቢው፣ ጮክ ብለሽ። እቴቴ፣ አንቺ ደግሞ ተቀምጠሽ አዳምጪ፤ ዛሬ ተራሽ ነው።

መንገደኛው በሰዓቱ ደረሰልኝና ጽሑፉን እንዳለ አስገባሁት። እማዬ፣ ያንቺን ቃል፣ «እኔ አፍሬ አላውቅም» ያልሽውን፣ መጨረሻው ላይ አደረግሁት። አማካሪዋ ቃሉን አይታ እንደገና አፍንጫዋን ጠረገች። ተስፋ ከቤቷ ታምጣ ያልሽውን አልነገርኳትም፤ አሳዘነችኝ።

ካመለከትኩባቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች አንደኛው ሊጠራኝ ቀርቶ «አልተቀበልንሽም» ለማለት እንኳ ወረቀት አላባከነም። ምን አባቱ! ሁለተኛው ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አንደኛው «ቤተሰብሽ ውስጥ የሚጥል በሽታ ካለ በሥራው ላይ አያሰጋሽም?» አለኝ። እቴቴ፣ ያልሽው ደረሰ! «እኔ እስካሁን ወድቄ አላውቅም፤ ብወድቅ ግን አልደበቅም፣ በጎኔ ያስተኙኝና ይጠብቁኝ» አልኩት። ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ሐኪም ግን ስለዚያ ምንም አልጠየቁኝም። ወረቀቱን ገልበጥ አደረጉና «አንቺ እዚህ ነሽ፤ እናትሽ ሲወድቁ መኪናውን አሁን ማን ይረግጣል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። «ጠይቂና ንገሪኝ» አሉኝ።

እና ይኸው ልጠይቅሽ ነው። መልሱን ራሴ ይዤላቸው እገባለሁ፣ ምክንያቱም ተቀብለውኛል። እማዬ፣ ተቀበሉኝ!

መርፌያችሁ


ሰኔ 3

ለዶክተሬ፤

አሁን ጠርቼሻለሁ፣ ማንም አይከለክለኝም። ያሳደገሽ እጅ ይባረክ እንዳልል የራሴን እጅ መመረቅ ይሆንብኛል። ግን ይባረክ፣ ምን ታደርጊኛለሽ! ደብዳቤሽን እናትሽ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ ደንበኛ በሞላበት ሱቅ አነበበችው። «የሚጥል በሽታ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ከፍ አደረገችው። ባለ ዳቦ ቤቱ ዳቦ ይዞ መጣ፣ ሚስቱ አለቀሰች።

ለሽማግሌው ሐኪምሽ መልስ ይኸውልሽ። ትናንት አንዲት ልጅ ቀሚስ እያስለካች ነበር። ገላዋ ላይ እንዳለ ዳርዳሩን በስፒል ይዤላታለሁ። እናትሽ ከወንበሯ ወደቀች። አልዋሽሽም፣ እግሬ ወደ መኪናው ሮጠ። ተቀመጥኩ፣ መርገጫው ላይ አደረግሁት፣ እዚያው ላይ ቀዘቀዘብኝ። ከዚያ ተነሳሁ። ለሰው ሙሉ ልብስ የተቆረጠ ጨርቅ አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ፣ በጎኗ አስተኛኋት፣ አንቺ እንደጻፍሽው ነርስ። በሩ ክፍት ነበር፤ አልዘጋሁትም። ልጅቷ በድንጋጤ «ምን ሆነች? ምን ሆነች?» አለችኝ።

«እህቴ ናት» አልኳት። «የሚጥል በሽታ አለባት። ትንሽ ታገሺኝ፣ ቀሚስሽ ይደርሳል።»

ይህን ሁሉ ዓመት በአፌ ውስጥ ቆልፌ የኖርኩት ነገር ይቺው ናት፤ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልሞላችም። ልጅቷ ስፒሏ እየወጋት መጥታ ተንበረከከችና የእናትሽን እጅ ያዘች። ጠበቅን። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የሷ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ከዚያ እናትሽ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ መኪናውን አየች። ብዙ አዳመጠች።

«ምነው» አለችኝ፣ «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»